በአሸዋ ውስጥ የሚያድረው ዓሣ



እዚህ ጅቡቲ ባሕሩ ጎረቤታችን ነው። ከተማሪዎቻችን አንዳንዶቹ በዕረፍት ቀን ወደ ሙሻ ደሴት ሄደው፣ የውኃ መነጽር አጥልቀው የኮራሉን ዓለም አይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እነዚህን ዓሦች ቤት ውስጥ ማኖር ይቻላል ወይ?» መልሱ እንደ ዓሣው ይለያያል። አንዳንዱ የሰው ቤት በቀላሉ ይለምዳል። አንዳንዱ ደግሞ መልኩ ያማረ፣ ጠባዩ የረጋ፣ አኗኗሩ ግን እጅግ ስስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከሁለተኛው ወገን አንዱን መርጬ አስረዳለሁ። የዚህን ዓሣ ፍላጎት በሚገባ የተረዳ ሰው፣ ማንኛውንም ፍጡር ወደ ቤቱ ከማምጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ዓሣው ማን ነው?

የሳይንስ ስሙ ማክሮፋሪንጎዶን ባይፓርታይተስ ይባላል። በንግዱ ዓለም በነጠብጣቡ ምክንያት በነብር ስም ስለሚጠራ፣ እኛም «ነብርማው ዓሣ» እንበለው። ላብሪዴ የሚባለው፣ ከ500 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሰፊ የባሕር ዓሦች ቤተሰብ አባል ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም የገለጸው ደቡብ አፍሪካዊው የዓሣ ሊቅ ጄ. ኤል. ቢ. ስሚዝ ነው። ይህ ሊቅ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ይታሰብ የነበረውን ሲላካንት የተባለ ጥንታዊ ዓሣ በ1939 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ ያስተዋወቀ ሰው ነው።

የነብርማው ዓሣ አገር ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ነው። እንግዲህ የሩቅ እንግዳ ሳይሆን የአካባቢያችን ሰው እንደ ማለት ነው። ቢያድግ ርዝመቱ 13 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሴቷ ብርቱካንማ ሆና ነጫጭ ነጠብጣብ አላት፤ ሆዷ ወደ ጥቁር ያደላል። ወንዱ ደግሞ ቀላ ባለ ገላው ላይ እንደ ትል የሚጠማዘዙ አረንጓዴ መስመሮች አሉት። መልካቸው እጅግ ከመለያየቱ የተነሣ ለማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ይመስላሉ።

የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችንን የሚያስደንቅ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ዓሦች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት በሴትነት ነው። ወንዱ የሚገኘው ከሴቶቹ መካከል ትልቋና ኃይለኛዋ ጾታዋን ስትለውጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ገንዳ ውስጥ ሁለት ወንዶችን ማስገባት ጠብ መግዛት ነው። አንድ ወንድ ከአንዲት ወይም ከሁለት ሴቶች ጋር፣ አለዚያም አንዲት ሴት ብቻዋን ብትኖር ይሻላል።

ምግቡ

ማክሮፋሪንጎዶን የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ትልቅ የጉሮሮ ጥርስ ያለው» ማለት ነው። ዓሣው በአፉ የለቀመውን በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች ያደቅቃል። የሚያደቅቀውም በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚገኙ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችን፣ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ቅርፊት ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትንና እንደ ኮፔፖድ ያሉ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የሽሪምፕ ዘመዶችን ነው። በባሕር ውስጥ ነግቶ እስኪመሽ ሲለቅም ይውላል። እንደ እኛ ቁርስ፣ ምሳና እራት ብሎ አይከፍልም፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቀኑን ሙሉ ነው።

የዚህ ዓሣ ዋና አደጋ ከዚህ ይመነጫል። አዲስ የተሠራ ገንዳ መስታወቱ የጠራ፣ ድንጋዩ የነጻ ነው፤ ለሰው ዓይን ያምራል። ለነብርማው ዓሣ ግን ባዶ ማዕድ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ቢመረምር የሚለቅመው አያገኝም። በገበያ የሚሸጠውን ደረቅ የዓሣ ምግብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምግብ ነው ብሎ አያውቀውም። ስለዚህ በንጹሕ ውኃ ውስጥ፣ በሚወዱት ሰዎች ዓይን ፊት፣ በረሃብ ይሞታል።

መፍትሔው ጊዜ ነው። ገንዳው ሕይወት ካለባቸው የባሕር ድንጋዮች ጋር ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮፔፖዶቹ ይራባሉ፤ ድንጋዩ ማዕድ ይሆናል። ከዚያም ዓሣው ሲመጣ አርቴሚያ የተባሉትን ትንንሽ ፍጥረታት በሕይወታቸው በመስጠት መጀመር፣ ቀስ በቀስም በረዶ የሆኑ ማይሲስ ሽሪምፖችን ማስለመድ ነው። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ፣ የጀርባው ሥጋ የሳሳ ዓሣ ምግብ እያነሰው ነው ማለት ነው፤ በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል።

አልጋው

ነብርማው ዓሣ የሚተኛው አሸዋ ውስጥ ነው። ምሽት ሲቃረብ በአፍንጫው ጠልቆ ራሱን ይቀብራል፤ ሲነጋም ይወጣል። ሲደነግጥም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ አሸዋው ለእሱ ጌጥ ሳይሆን አልጋና መሸሸጊያ ነው። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም። ቅንጣቱ ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ደቃቅ አሸዋ ይመረጣል። ሸካራና ስለታም የኮራል ስብርባሪ ገላውንና አፉን ይልጠዋል፤ በዚያ ቁስል በኩልም በሽታ ይገባል። ዓሣው በሽታ እንደሌለው እስኪታወቅ ለብቻው በሚቆይበት ዕቃ ውስጥ እንኳ በትንሽ ሣህን አሸዋ ሊቀመጥለት ይገባል።

ሌላም አለ፤ ሲደነብር ይዘላል። ገንዳው በደቃቅ መረብ ካልተከደነ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ይገኛል።

ውኃው

የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ለገንዳ 35 ግራም ተስማሚ ነው። እዚህ ላይ ለሒሳብ ተማሪዎች ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። 100 ሊትር የገንዳ ውኃ 3,500 ግራም ጨው ይይዛል። በሙቀት ምክንያት 10 ሊትር ቢተን፣ ጨው ስለማይተን 3,500 ግራሙ በ90 ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ በሊትር 39 ግራም ገደማ ሆነ ማለት ነው። የጎደለው መሞላት ያለበት በጨው ውኃ ሳይሆን ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዓይነ ምድሩና የተረፈው ምግብ የሚያመነጨው አሞኒያ ነው። አሞኒያ የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ ማስገባት እንግዳን ጭስ በሞላበት ቤት እንደ መቀበል ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ዓሣው የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የከተማችን የበጋ አየር ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም ማቀዝቀዣውም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሌለው ቤት ይህን ዓሣ ባያስብ ይሻላል። የገንዳው መጠንም ከ200 ሊትር ባያንስ መልካም ነው፤ ብዙ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበላሽም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ዓሣው በፕላስቲክ ከረጢት ተጉዞ ይመጣል። ከረጢቱ ውስጥ አሸዋ ስለሌለ፣ ለመቀበር እየሞከረ አፉን ሊያቆስል ይችላል። ሲደርስ ከረጢቱን በገንዳው ላይ አንሳፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ የገንዳውን ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጉ መቀላቀል፣ መብራቱንም ማደብዘዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ዓሣው አሸዋ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ አይታይም። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ «ሞቶ ይሆን?» ብሎ አሸዋውን ይቆፍራል። የተኛው ዓሣ ይደነግጣል፣ ይቆስላል፣ የቀረችውንም ጉልበት ይጨርሳል። የአሞኒያውን መጠን መለካት እንጂ አሸዋውን መንካት አያስፈልግም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

የመጥፋቱ አንዱ ምክንያት ድንጋጤ ነው። ሌላው ደግሞ ሰውነቱ የመጣበትን አገር ሰዓት ይዞ መቆየቱ ነው። ከኬንያ ዳርቻ ወደ አሜሪካ የተላከ ዓሣ በአዲሱ ቤቱ ሌሊት ሲሆን ሊነቃ፣ ቀን ሲሆን ሊተኛ ይችላል፤ እስኪያስተካክል ቀናት ይወስድበታል። ከኬንያ ወደ ጅቡቲ ቢመጣ ግን ሰዓቱ አንድ ነው፤ የሚቀረው ድንጋጤው ብቻ ነው።

እኛ መምህራን ይህን ነገር ከሌላ ቦታ እናውቀዋለን። በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ዝም ይላል፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ምሳውን ሳይነካ ይመልሳል። «ለምን አትናገርም?» እያሉ መጎትጎት አይረዳውም። የሚረዳው ቦታው የተዘጋጀ፣ ጎረቤቶቹ ሰላማውያን፣ ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ ነው። የገንዳውም ጎረቤቶች እንዲሁ ናቸው። ኃይለኛ ዓሦች ካሉ ነብርማው ዓሣ አሸዋውን አይለቅም፤ ኮፔፖድ የሚበላ ሌላ ዓሣ ቀድሞ ካለም ማዕዱ ለሁለት አይበቃም።

ከመግዛት በፊት

ይህ ዓሣ በአብዛኛው የሚገኘው በእርባታ ሳይሆን ከባሕር ተይዞ ነው። ስለዚህ አንዱ በቤታችን በሞተ ቁጥር ከኮራሉ ላይ አንድ ጎደለ ማለት ነው። «ሌላ እንገዛለን» የሚለው ቃል በገንዘብ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከባሕር ራስን ችሎ ዓሣም ኮራልም ማውጣት ደግሞ ከነጭራሹ የማይገባ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ገንዳችን ይህን ዓሣ ለመመገብ በቂ ዕድሜ አለው ወይ? በቀን ሦስት ጊዜ፣ በፈተና ሰሞንም ሆነ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ፣ የሚመግበው ማነው? መብራት ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ሦስቱም መልስ ካላቸው ነብርማው ዓሣ ለዓመታት የሚያስተምር ጓደኛ ይሆናል። አንዱ እንኳ መልስ ከሌለው፣ በእርባታ ከሚገኙትና ቤት ከሚለምዱት ክላውን ዓሦች መጀመር ይቻላል። እሱም ካልተመቸ፣ ዛሬ አይሆንም ማለት ለዓሣውም ለልጁም ደግነት ነው። ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ «ቆይ» ሲሏችሁ ሁልጊዜ መከልከል አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አሸዋው እየተነጠፈ ነው።

መልካም የዕረፍት ጊዜ እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ።

ርእሰ መምህር