መጋረጃውን የሚያስከፍተው ማን ነው?

ለንደን፣ ኮቨንት ጋርደን በሚገኘው ሮያል ኦፔራ ሃውስ የቻይኮቭስኪ «ስዋን ሌክ» ሲታይ ጭብጨባው ለባሌሪናዋና ለኦርኬስትራው መሪ ነው። ምሽቱን የሚያዘው ሰው ግን ከጎን፣ ተመልካች በማያየው ጥግ ነው ያለው። የመድረክ አስተባባሪ ይባላል። ፊቱ የተዘረጋው የሙዚቃ ኖታ መብራት የሚቀየርበት፣ መጋረጃ የሚነሳበት፣ ዲኮር የሚወርድበት ቅጽበት ሁሉ ተጽፎበታል። በማዳመጫው መጀመሪያ «ተዘጋጁ» ይላል፤ ቀጥሎ «ሂድ»። ያ ቃል ሳይሰማ ባለመብራቱ ቁልፍ አይነካም።

ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1999 ታድሶ ሲከፈት ከመድረኩ ጎንና ጀርባ ሰፊ ቦታ አገኘ። የአንድ ትርኢት ሙሉ ዲኮር እንደተተከለ ተገፍቶ ይወጣል፣ የሌላው ይገባል። ቀን የኦፔራ ልምምድ፣ ማታ ባሌት ማስተናገድ የተቻለውም በዚህ ነው።

ባሌሪናዋ በጣቶቿ ጫፍ ስለምትቆምበት ጫማ ግን ረዘም አድርጎ ማውራት ይገባል። ብዙ ሰው አፍንጫው ውስጥ እንጨት ወይም ብረት ያለ ይመስለዋል። የለም። ሙጫ የተቀባ ጨርቅና ወረቀት ተደራርቦ፣ ሳቲን ለብሶ፣ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል፤ በቃ። በላብ ስለሚለሰልስ አንድ ጥንድ አንድ ምሽት እንኳ ላይዘልቅ ይችላል። ሪባኑን የምትሰፋው ባሌሪናዋ ራሷ ናት። አዲሱን ጫማ ታጣጥፈዋለች፣ የውስጥ ሶሉን ትቆርጣለች፣ አፍንጫውን ከደረጃ ጋር ታላትመዋለች። ያለዚያ የስዋን ሚና ያላቸው ባሌሪናዎች ተሰልፈው ሲሮጡ የጫማው ኳኳታ ቫዮሊኑን ይውጠዋል። ፍሪድ የተባለው የለንደን ኩባንያ በሚሠራቸው ጫማዎች ሶል ላይ የሠሪው ምልክት ይታተማል፤ የአንዱ ዓሣ፣ የሌላው ደወል ነው። ባሌሪናዋ እግሯን የሚያውቅላትን ሠሪ መርጣ ትይዛለች። እሱ ጡረታ የወጣ ዕለት ጭንቅ ነው፤ ቢጨንቃትም አይፈረድባትም።

ልብስ ክፍሉም የራሱ ዘዴ አለው። ከብዙ ድርብ መረብ የተሰፋው አጭር ቀሚስ ዙሪያው እንዳይዘነበል ተገልብጦ ይሰቀላል። ጀርባው ላይ ያለው መቆለፊያም ብዙ ረድፍ ነው፤ አንዱ ልብስ ለተለያዩ ባሌሪናዎች እንዲሆን።

በ«ስዋን ሌክ» መድረክ ላይ የሚታየው የሐይቁ ጉም የሚመጣው ደረቅ በረዶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ ኦርኬስትራው ወደተቀመጠበት ጉድጓድ ይወርዳል። ለሙዚቀኞቹ ትርፍ ስጦታ ነው፣ ከወደዱት።

ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች፣ ኦፔራ ቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስጎበኝበት ፕሮግራም አለው። ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ትርኢቱን ከጉብኝቱ በኋላ ብታዩት ይሻላል።