ተጨማሪ መረጃ፦ ከተሰበረ ጊር ልኬትን ማውጣት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘውና ቀድሞ የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ በመባል ይታወቅ የነበረው የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ከሚያመርታቸው መለዋወጫዎች መካከል ጊር ይገኝበታል። ንድፍ የሌለው የተሰበረ ጊር ሲቀርብ፣ ባለሙያው ጥርሶቹን ቆጥሮና የውጭ ዲያሜትሩን በካሊፐር ለክቶ፣ ይህን ልኬት ሁለት ለተደመረበት የጥርስ ብዛት በማካፈል ሞጁሉን፣ ማለትም የጥርሱን መጠን የሚወስነውን ቁጥር፣ ያገኛል። 20 ጥርስና 88 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር ያለው መደበኛ ቀጥ ጥርስ ጊር ሞጁሉ 4 ነው፤ ሁለት ተገጣጣሚ ጊሮች የሚነካኩበት የፒች ክብ ዲያሜትር 80፣ የጥርሱ ጥልቀት (ሞጁሉ በ2.25 ተባዝቶ) 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ጊር ባለ 60 ጥርስ ጊርን ቢነዳ፣ የተነጂው ፍጥነት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ የዘንጎቹ ርቀትም 160 ሚሊ ሜትር ነው። የጥርስ ጫፍ ሲበላ የውጭ ዲያሜትሩ ስለሚቀንስ፣ ስሌቱን በማይለወጠው የዘንጎቹ ርቀት ማመሳከር ይበጃል። ውጤቱ 4.23 ከሆነ ግን ወደ 4 ማጠጋጋት አይገባም፤ እንዲህ ያለው ጊር በአብዛኛው በኢንች ሥርዓት፣ ለአንድ ኢንች የፒች ዲያሜትር 6 ጥርስ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ከሞጁል 4 ጊር ጋር አይገጥምም።