«ግብር» ስለሚባለው ቃል



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው «ግብር» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጽፈው ቆጥሮት አያውቅም። ሆኖም ደብዳቤውን የሚጽፈው ሹምና ደብዳቤው የሚደርሰው ገበሬ በዚህ በአንዱ ቃል ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሊረዱ ይችላሉ። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ የቃሉን አመጣጥና ትርጓሜ ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው። «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ሲሆን፣ «ግብር» ሥራ ማለት ነው። በአማርኛ «የሐዋርያት ሥራ» የምንለው መጽሐፍ በግዕዝ «ግብረ ሐዋርያት» መባሉ ለዚህ ምስክር ነው። አገልጋይም «ገብር» ይባላል፤ ስለዚህ ገብረ ማርያም ማለት የማርያም አገልጋይ ማለት ነው። ተግባር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብና ግብርና የተባሉትም ቃላት ሁሉ ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው።

እንግዲህ ሥራ ማለት የነበረው ቃል ስለ ምን ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ስም ሆነ? በቀድሞው ዘመን ለገዥው ይቀርብ የነበረው በአብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን የሥራ ፍሬ፣ ይኸውም እህል፣ ማርና ከብት፣ አለዚያም የጉልበት ሥራ ነበር። ስለዚህ አራሹ «ገበሬ»፣ የሥራውን ፍሬ አቅራቢው «ገባር»፣ የሚቀርበውም ነገር «ግብር» ተባለ።

ሦስተኛም ትርጉም አለው። ነገሥታትና መኳንንት በአዳራሽ ለሠራዊትና ለሕዝብ ያበሉት የነበረው ማዕድ «ግብር» ይባላል። ከገባሩ ጎተራ የወጣው እህልና ማር እንጀራና ጠጅ ሆኖ በግብር አዳራሽ ይታይ ነበርና፣ መስጠትና መቀበል በአንድ ስም ተጠሩ።

በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ ዝምድና እናገኛለን። ግብር «ታክስ»፣ የተመደበ ሥራ ደግሞ «ታስክ» ይባላል፤ ሁለቱም የተገኙት መገመት የሚል ትርጉም ካለው «ታክሳሬ» ከተባለው የላቲን ቃል ነው። ልዩነቱን ግን ልብ ማለት ይገባል፤ የእነርሱ ቃል ከገማቹ ሲነሣ፣ የእኛ ቃል ከሠሪው ይነሣል።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ጎጃም አሳይቷል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ የአሥራት ግብር ቀረ። አዲሱ ግብር በገቢ መጠን የሚከፈል ስለ ነበር፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። ነገር ግን በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው በቀላድ ያልተለካ፣ ከአባት ከአያት የወረደ ርስት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ገማች መጣ ሲባል ቀላድ ተከትሎ ይመጣል፣ ከቀላድም በኋላ ርስቴ ይነቀላል ብሎ ሰጋ። ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን በሞጣ፣ በስተ ምሥራቅ በቢቸና፣ በስተ ምዕራብም በዳሞት ገበሬዎች ገማቾችን አናስገባም ብለው ተነሡ፤ ጦር ተላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ሕግ አውጪው ያሰበው የገቢን ግምት ነበር፤ ገበሬው የሰማው ግን የሥራውንና የርስቱን ነገር ነው።

ዛሬ ርስትም ሆነ ገባርነት በሕግ ቀርቷል፤ የግብር አዳራሹም የለም። ነገር ግን ግብር ከፋዩ የሰጠው ተመልሶ በፊቱ እንዲታየው ዛሬም ይጠብቃል። ማዕዱ አሁን መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ነው፤ ጉዳዩን ይዞ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው በመሥሪያ ቤት የሚያገኘውም መስተንግዶ ከዚሁ ማዕድ ይቈጠራል።

በልብ ያልተሠራን ሥራ «ለግብር ይውጣ ነው» እያልን እንነቅፋለን። ይህ አነጋገር ከባለ ዕዳነት ለመዳን ያህል ብቻ የሚሰጠውን ነገር የሚያመለክት ነው። ደመወዙ ከግብር የሚከፈለው ሠራተኛ ሥራውን ለግብር ይውጣ ከሠራው ግን፣ ቃሉ ከሦስቱ ትርጉሞቹ ሁለቱን፣ ሥራንና ማዕድን አጥቶ፣ ክፍያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን መጠበቅ የእያንዳንዳችን ተግባር ነው፤ ተግባር የሚለው ቃልም የግብር ወንድም መሆኑን አይተናል።