አንፊልድ የኤቨርተንን ዜማ ያሰማበት ምሽት

ማንኛውም የሊቨርፑል ደጋፊ ያውቀዋል። አንፊልድ ላይ ከጨዋታ በፊት የሚዘመረው መዝሙር አንድ ነው፤ እሱም "ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን" ነው። የጎረቤቱ የኤቨርተን የመግቢያ ዜማ እዚያ ስታዲየም ውስጥ ይከፈታል ብሎ የሚናገር ሰው ቢገኝ "ለየለት" ይባል ነበር።

ኦገስት 28 ቀን 2007 ግን ተከፈተ። (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያን ዕለት የራፋ ቤኒቴዝ ልጆች የፈረንሳዩን ቱሉዝ በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የመልስ ጨዋታ ያስተናግዱ ነበር። ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረዋል። ድንገት ከድምፅ ማጉያው "ዚ ካርስ" የተባለው የኤቨርተን ዜማ ተለቀቀ። ያፏጨ አልነበረም። የቀያዮቹ ደጋፊ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። ሜዳው ዳር ላይ ደግሞ አንድ አባት፣ አንዲት እናትና ልጃቸው ቆመዋል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ጎድሏል። ጨዋታውን ሊቨርፑል 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ክራውች፣ ሃይፒያ እና ሁለቱን ካውት አገቡ። ከዚያ ምሽት የሚታወሰው ግን ጎሉ ሳይሆን ዜማው ነው።

የጎደለው ልጅ ራይስ ጆንስ ይባላል። ዕድሜው 11 ነበር። የሰማያዊዎቹ ቀንደኛ ደጋፊ ነው። ኦገስት 22 ምሽት ፈር ትሪ ከሚባለው የሰፈሩ የታዳጊዎች ቡድን ልምምድ ጨርሶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። መንገዳቸው በአንድ መጠጥ ቤት የመኪና ማቆሚያ በኩል ያልፋል። በዚያው ሰዓት ብስክሌት ላይ ያለ አንድ ጎረምሳ ሽጉጥ አውጥቶ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ዒላማው ራይስ አልነበረም፤ የተጣላቸው የሌላ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ከጥይቶቹ አንዷ ግን የራይስን አንገት መታች። እናቱ ሮጣ ደረሰች፤ አቅፋው ስሙን ጠራችው። ሆስፒታል ቢወሰድም አልተረፈም።

ተኳሹስ ማን ነበር? እሱም ልጅ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 16 ነበር።

የሩኒ ሰፈር

ነገሩ የሆነው ክሮክስቴዝ ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው። ይሄኛው አዲስና ደህና ኑሮ ያለበት ነው። ጎኑ ያለው አሮጌው ክሮክስቴዝ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዋይን ሩኒ ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 2002 ገና 17 ዓመት ሳይሞላው አርሰናል ላይ ያቆጠራት ጎል ትዝ የምትለው አንባቢ ብዙ ነው። የአርሴን ቬንገር ቡድን በሊጉ 30 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ ጉዲሰን ፓርክ ላይ በዚያ ልጅ እግር ወደቀ። በማግስቱ ዓለም ክሮክስቴዝ የሚባል ስም ሰማ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ዓለም ያንኑ ስም በድጋሚ ሰማ፤ አሁን በሽጉጥ ምክንያት። ሰፈሩ ያው ነው፣ ብስክሌቱና ኳሱም ያው ነው። አንዱ ልጅ በእግሩ ስም አወጣ፣ ሌላው በእጁ ስም አጠፋ።

ሁለት የጎረምሳ ቡድኖች ነበሩ። አንዱ የክሮክስቴዝ ነው፤ ሌላው አጠገቡ ያለው የኖሪስ ግሪን። በመሀላቸው ያለው መንገድ እንደ ድንበር ይቆጠራል። ያለ ሥራ የሚውል ጎረምሳ በበዛበት ቦታ የሰፈር ጠብ እንደ ሥራ ይያዛል።

ሥራው የት ሄደ? ሊቨርፑል የወደብ ከተማ ናት። ወደቡ ሲሠራ ከተማዋ ትሠራለች፣ ወደቡ ሲደክም ትደክማለች። በ1931 ከ850 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2001 የተቆጠረው ግን 440 ሺህ ገደማ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። በ1981 የሮቢ ፋውለር ሰፈር ቶክስቴዝ በሥራ አጥነትና በፖሊስ በደል ተማርሮ በእሳት ጋየ። በዚያው ዓመት የማርጋሬት ታቸር የገንዘብ ሚኒስትር ጂኦፍሪ ሃው "ከተማዋን ቀስ በቀስ እንድትከስም ብንተዋትስ?" የሚል ሐሳብ በምስጢር ማቅረባቸው ከ30 ዓመት በኋላ በተከፈቱ የመንግሥት ሰነዶች ታወቀ። ሊቨርፑሎች "ማንም የለንም፣ ያለነው እኛው ነን" የሚል መንፈስ ያደረባቸው እንዲሁ አይደለም። ፋውለር በ1997 ከብራን ጋር በተደረገው ጨዋታ ጎል አግብቶ ማልያውን ሲገልብ ከሥር ለተባረሩት የወደብ ሠራተኞች ድጋፍ የተጻፈበት ካናቴራ የታየውም ለዚህ ነው። ዩኤፋ ቀጣው፤ ሰፈሩ ግን አከበረው።

ዝም ባለ አፍ...

ራይስ በተገደለ በቀናት ውስጥ የተኳሹ ስም በሰፈሩ ይወራ ነበር። ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ፖሊስ ግን ክስ ለመመሥረት ስምንት ወር ገደማ ፈጀበት። ለምን? ስሙን የሚያውቀው ብዙ፣ ቆሞ የሚመሰክረው ግን ጥቂት ስለነበረ ነው።

የእኛ ሰው "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ይላል። የክሮክስቴዝም ሕግ ይኸው ነበር። እዚያ ለፖሊስ የተናገረ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው። ጆሮ ጠቢ ደግሞ መስኮቱ ይሰበራል፣ ልጁ ይደበደባል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው።

ደግሞ ሊቨርፑል ፖሊስን የማታምንበት የራሷ ቁስል አላት። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሂልስቦሮ ላይ በደረሰው መጨናነቅ የ97 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ፖሊስ ጥፋቱን በደጋፊው ላይ ደፈደፈው። ከአራት ቀን በኋላ "ዘ ሰን" ጋዜጣ "እውነቱ" ብሎ ርዕስ አውጥቶ የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሟቾችን ኪስ በረበሩ ብሎ ጻፈ። ውሸት ነበር። ከተማዋ ጋዜጣውን እስከዛሬ አትገዛም። በ2004 እንኳን "ስፔክቴተር" የተባለው መጽሔት ያንኑ የደጋፊ ስካር ደግሞ ጽፎ አዘጋጁ ቦሪስ ጆንሰን ለይቅርታ ሊቨርፑል ድረስ እንዲሄዱ ተገደዋል። ቤተሰቦቹ ግን ዝም አላሉም። 27 ዓመት ታግለው በ2016 የፍርድ ቤቱ ሸንጎ "ሟቾቹ የሞቱት በሕገ ወጥ መንገድ ነው፤ ደጋፊው ጥፋት የለበትም" አለ።

እንግዲህ ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለ97ቱ "እውነቱ ይውጣ" ብላ የጮኸች ከተማ ለ11 ዓመቱ ልጅ እውነቱን ደብቃ መኖር ትችላለች? በሂልስቦሮ እውነቱን የደበቀው ፖሊስ ነበር። በክሮክስቴዝ ግን እውነቱ ያለው ሰፈሩ እጅ ነው። ሌላው ስማችንን አጠፋ ብሎ መቆጣት ተገቢ ነው። ስም ግን በውጭ ሰው ብቻ አይጠፋም፤ የቤት ሰው ዝም ሲልም ይጠፋል።

የጆንስ ቤተሰብ ይሄን ጥያቄ በቴሌቪዥን ወጥቶ አቀረበ። እናትና አባት አልተሳደቡም፣ "የምታውቁ ተናገሩ" ብቻ አሉ። የኤቨርተን ተጫዋቾች ልጁ የወደቀበት ቦታ ድረስ ሄደው አበባ አስቀመጡ። ሴፕቴምበር 6 በሊቨርፑል ካቴድራል የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲደረግ ቤተሰቡ "ጥቁር አትልበሱ፣ የኳስ ማልያ ልበሱ" ብሎ ነበርና ሰማያዊና ቀይ ተቀላቅሎ ተቀመጠ።

ቀስ በቀስም አፎች ተከፈቱ። ፖሊስ በተጠርጣሪዎቹ ቤት የድምፅ መቅረጫ በድብቅ አስገብቶ ወሬያቸውን ሰማ። ሽጉጡ እሱ ዘንድ ተደብቆ የነበረ አንድ ወጣት ከክስ ነፃ እንደሚሆን ተነግሮት ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ። ዲሴምበር 16 ቀን 2008 ሾን ሜርሰር ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ቢያንስ 22 ዓመት ሳይታሰር እንዳይወጣ ተወሰነ። ሽጉጡን፣ ልብሱንና ብስክሌቱን በመሸሸግ የረዱት ጓደኞቹም ተቀጡ። የገዛ እናቱ ሳትቀር ፖሊስን በማሳሳት ሦስት ዓመት ተፈረደባት። አንዲት እናት ልጇን ለመሸፈን ዋሸች፣ ሌላዋ እናት ልጇን ቀበረች። ክሮክስቴዝ ከሁለቱ ከየትኛዋ ጋር እንደሚቆም መምረጥ ነበረበት።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ኦገስት 22 ቀን 2022፣ ልክ ራይስ የሞተበት 15ኛ ዓመት በሚታሰብበት ዕለት፣ ዶቨኮት በሚባለው የሊቨርፑል ሰፈር የ9 ዓመቷ ኦሊቪያ ፕራት ኮርቤል ቤቷ ውስጥ በጥይት ተገደለች። መሣሪያ የያዘ ሰው ሌላውን ሲያሳድድ ተሳዳጁ የእነሱን በር ገፍቶ ለመግባት ታገለ። የተተኮሰው ጥይት በሩንና የእናትየውን እጅ አልፎ ልጅቷን አገኛት። አሁንም ዒላማው ሌላ፣ የሞተው ልጅ።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። በዚህኛው ጊዜ ምስክር ለማግኘት ስምንት ወር አልፈጀም። ገዳዩ በዚያች ሌሊት ቤቷ የመጣባት አንዲት ሴት ለፖሊስ ተናገረች፤ ፍርድ ቤትም ቀርባ መሰከረች። ስሟ እንዳይገለጽ በሕግ ተጠብቋል። ቶማስ ካሽማን ማርች 30 ቀን 2023 ጥፋተኛ ተባለ፤ ከአራት ቀን በኋላ ቢያንስ 42 ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት። ያቺ ሴት ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ በሰፈሯ መኖር አትችልም። ጆሮ ጠቢ ያላት ሰው አይጠፋም። ለኦሊቪያ እናት ግን ፍርድ ያመጣችላት እሷ ናት።

ኳሱስ ምን አደረገ? የኤቨርተን የበጎ አድራጎት ክንፍ ከ1988 ጀምሮ በከተማው ውስጥ ይሠራል። በ2015 የሁለቱ ክለብ ደጋፊዎች አንድ ላይ ሆነው በጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ለተቸገሩ ምግብ መሰብሰብ ጀመሩ፤ "ረሃብ የክለብ ማልያ አይለብስም" ይላሉ። ክሮክስቴዝ ፓርክ ውስጥ ደግሞ በራይስ ስም የተሰበሰበው ገንዘብ የሰፈር ማዕከል ሆኗል። ልጆች የሚውሉበት ቦታ ማለት ነው። ኤቨርተን ራሱ በ2025 ጉዲሰንን ለሴቶቹ ቡድን ትቶ በአሮጌው ወደብ ላይ ወደተሠራው አዲስ ስታዲየም ገብቷል። ሥራ አጥቶ የነበረው ወደብ አሁን በጨዋታ ቀን ሰው ይሞላዋል።

ይሄ ሁሉ ሽጉጥ አያስቀርም። ምግብ የሚሰበስብ ደጋፊ ፖሊስ አይደለም፤ አሰልጣኝም የወላጅ ቦታ አይተካም። ግን ብስክሌት ላይ ያለው የ16 ዓመት ልጅ ሽጉጥ ከመያዙ በፊት የሚያውቀው ሰው አለ። አስተማሪው ያውቀዋል፣ ጎረቤቱ ያውቀዋል፣ ኳስ አብሮት የተጫወተው ያውቀዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የራይስ ስም ዛሬ የሰፈር ልጆች የሚሰበሰቡበት ቤት ላይ ተጽፏል። የሰፈሩ ስም ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ባየው ሰው እጅ ላይ ነው።