የመንገድ ሐቅና የነዳጅ በረካ

ከጅማ ተነስቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚጓዝ ሰው ሜዳ ብዙም አያገኝም። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያም በውሽውሽ የሻይ እርሻ አጠገብ አልፎ በጫካና በጉም ውስጥ እየተጠማዘዘ ይቀጥላል። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,400 ሜትር ገደማ፣ ከእርሷ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቴፒ ደግሞ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በቡና ለቀማ ወራት ከበበቃ፣ ከቴፒና ከገበሬው ጓሮ የተሰበሰበውን ቡና የጫኑ መኪኖች በዚሁ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ያቀናሉ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ሸቀጥ፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ይመጣል። በመንገዱ ዳር ቡና የሚያሰጡ እናቶች፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናት፣ ሙዝና እንጨት የተሸከሙ እግረኞች አሉ። አስፋልቱ የሁሉም ነው።

«ስለ መኪና አነዳድ በኢስላማዊ መጽሔት መጻፍን ምን አመጣው? ይህ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ አይደለምን?» የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ኢስላም ሰው ጫማውን እንዴት እንደሚያጠልቅ፣ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ያስተማረ ሃይማኖት ነው። በመሪ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ የሌሎችን ነፍስ፣ በእግሩ ደግሞ የቤተሰቡንና የአገሩን ገንዘብ ይዟል። እንዲህ ያለውን ሰው ዲኑ ያለ መመሪያ ይተወዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ነዳጅ መቆጠብና ለሌላው መንገደኛ ማዘን ሁለት የተለያዩ ምክሮች ቢመስሉም፣ ቀረብ ብለን ስናያቸው የአንድ ጠባይ ሁለት ፍሬዎች ናቸው።

ከዐረፋ የምናገኘው ትምህርት

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የስንብት ሐጃቸውን አደረጉ። ፀሐይ ጠልቃ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ ሲነሱ እጅግ ብዙ ሕዝብ አብሯቸው ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ የሆነውን ሶሐባዎቹ በዝርዝር አስተላልፈውልናል።

ጃቢር (ረ.ዐ) ባወሩትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀስዋእ የተባለችውን ግመላቸውን ጭንቅላቷ ከኮርቻው ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ልጓሟን ስበው ይዘዋት ነበር። በቀኝ እጃቸውም ሕዝቡ እንዲረጋጋ ያመለክቱ ነበር። ዳገት ሲያጋጥማት ግን እንድትወጣ ልጓሙን ጥቂት ያላሉላት ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ደግሞ፣ ከኋላቸው የጩኸትና ግመል የመምታት ድምፅ በሰሙ ጊዜ መልካም ሥራ በመጣደፍ እንደማይገኝ ለሰዎች መናገራቸውን ያወራሉ፤ ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ኡሳማ (ረ.ዐ) እንዳወሩትም በሰው መካከል ሲሆኑ በመጠኑ ይሄዱ ነበር፤ ክፍት ቦታ ሲያገኙ ግን ፈጠን ይሉ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፍጥነትን ጨርሶ አልከለከሉም። ያስተማሩት ፍጥነትን ከመንገዱና ከሰው ብዛት ጋር ማመጣጠንን ነው። በሰው መካከል ዝግታ፣ በዳገት ላይ ማላላት፣ በክፍት ቦታ መጠነኛ ፍጥነት፣ በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ያለ ጩኸትና ያለ መጋፋት መሄድ ተገቢ ነው። ዛሬ የመኪና ሊቃውንት ነዳጅ ለመቆጠብ የሚመክሩትን ብናነብ ከዚህ የራቀ ነገር አናገኝም።

ብክነትና ጉዳት ከአንድ እግር ይወጣሉ

አገራችን ነዳጅን የምትገዛው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ቴፒ የሚደርስ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በቦቴ ይጓዛል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት 48 ብር ያህል የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ማደያ ሲደርቅ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ከዚህ በእጅጉ ይወደዳል። ታዲያ ይህ ዕዳ በሾፌሩ ላይ ብቻ አይቀርም። በታሪፉ፣ በጨውና በዘይት ዋጋ፣ ገበሬው ለቡናው በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ሁሉ ይደርሳል።

ነዳጁ የሚባክነው እንዴት ነው? ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። መኪናን ለማስፈንጠር ነዳጅ ይቃጠላል። ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ ፍጥነት ሙቀት ሆኖ በጎማው ዙሪያ ይቀራል። ስለዚህ በፍሬን የሚጠፋው ፍጥነት ቀድሞ በነዳጅ የተገዛ ነው ማለት ነው። አርቆ የሚያይ ሾፌር ከፊቱ ከብት ወይም ባጃጅ ሲመለከት ቀድሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ መኪናው በራሱ ይበርዳል። የሚጣደፈው ግን እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሰጥቶ በድንገት ፍሬን ይይዛል። የመጀመሪያው ገንዘቡንም፣ ከብት ነጂውንም ልጅ አተረፈ። ሁለተኛው ሁለቱንም አደጋ ላይ ጣለ።

ሌላም አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናውን የሚገፋው ነፋስ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀትም እንዲሁ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ ሰው ወደ 80 ሲያሳድግ፣ ከነፋስ ጋር የሚያደርገው ትግልም ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም በአንድ መጠን ያድጋሉ። ለምን ትርፍ? ከሚዛን ቴፒ ያለውን 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 የሚጓዝ በ50 ደቂቃ ይደርሳል፤ በ75 የሚጓዝ በ40 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ 10 ደቂቃ፣ አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ የማያልቅበት ጊዜ ነው።

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ መሠረት በማስፈንጠርና በድንገተኛ ፍሬን የሚነዳ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ሊያባክን ይችላል። እኛ ግን ዝቅ አድርገን 10 በመቶ ብቻ ነው እንበል። በቀን 30 ሊትር የሚጠቀም ሚኒባስ 3 ሊትር ይቆጥባል ማለት ነው። ሊትሩን በ100 ብር ብናሰላ በቀን 300፣ በ25 የሥራ ቀን 7,500 ብር ይሆናል። የልጆች ዩኒፎርምና ደብተር፣ የአንድ ቤት የወር አስቤዛ ከዚህ ይወጣል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ አባካኞችን የሰይጣን ወንድሞች ብሎ ሲጠራቸው፣ ብክነቱ ከቧንቧ ጭስ ሆኖ ቢወጣም ብክነት መሆኑ አይቀርም።

ጥቂት የሥራ ምክሮች እንጨምር።

የጎማ ነፋስ በየሳምንቱ ይለካ፤ የጎደለ ጎማ ሞተሩን ያደክማል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። የአየር ማጣሪያ በደረቁ ወራት በአቧራ ስለሚታፈን ይጽዳ። የማያስፈልግ ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ አይዋል። በመናኸሪያ ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተር አስነስቶ መቆየት እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ያቃጥላል። እንደገና ለማስነሳት የሚፈጀው ግን ሞተሩ ቆሞ ለ10 ሰከንድ ያህል ቢሠራ ከሚጠጣው አይበልጥም። ከባድ ዳገት ጨርሶ የቆመ ቱርቦ ያለው የናፍጣ መኪና ብቻ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። መኪናው የመሥሪያ ቤት ወይም የባለንብረት ከሆነ ደግሞ ነዳጁ አማና ነው፤ የራስ ያልሆነን ማባከን ሁለት ጥፋት ነው።

ቁልቁለትና ዜሮ ማርሽ

አንዳንድ ሾፌሮች ወደ ጎጀብ ወይም ወደ ግቤ ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ዜሮ ያደርጋሉ። ይህ ቁጠባ አይደለም። በዛሬዎቹ ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ነዳጅ ወደ ሞተሩ መግባቱን ያቆማል። ዜሮ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። የከፋው ደግሞ፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ስለሚተው ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ አይዝም። የቆዩ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ማላላት፣ ቁልቁለት ላይ ልጓም መያዝ ነው ነገሩ።

የመንገድ ሐቆች

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ሐቅ እንዳለው ለሶሐባዎቻቸው ነግረዋቸዋል። ዓይንን መስበር፣ ሰውን አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል ናቸው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድም ከኢማን ቅርንጫፎች መካከል ተቆጥሯል።

ይህን በእኛ መንገድ ላይ እንየው። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል መደርደር የተለመደ ነው፤ ለማስጠንቀቂያ መልካም ነው። ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ማታ በጉም ውስጥ የሚመጣው ሞተር ሳይክል ምን ይሁን? ያን ድንጋይ ወርዶ ማንሳት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሶደቃ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ መንገደኞች ሌሊት ሲያርፉ ከመንገዱ ላይ ገለል እንዲሉ ታዘዋል። ከባድ መኪናውን መታጠፊያ ላይ አቁሞ ለሚተኛ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምክር የለም።

ዝናብ የማያጣው የሚዛንና የቴፒ መንገድ ውሃ ያቁራል። በኩሬው ላይ በፍጥነት አልፎ ለሶላት የሚሄደውን ሽማግሌ ልብስ በጭቃ ማበላሸት በደል ነው። ከፊት ለሚመጣው መኪና ረጅሙን መብራት ዝቅ አለማድረግም እንዲሁ። ሉቅማን ልጁን ሲመክር በአካሄዱ ልከኛ እንዲሆን፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ መናገሩን ቁርኣን በሱረቱ ሉቅማን አንቀጽ 19 ያስተምረናል። ፍጥነትና ክላክስ በአንድ አንቀጽ ሥርዓት የተበጀላቸው ይመስላል። የሚጋልብ ሰው ለእግረኛ ቀድሞ ሰላምታ እንዲያቀርብም ታዟል፤ የበላይ የሆነው ያለው ሰው ትሕትናውን ያስቀድም ዘንድ ነውና። መኪና አቁሞ እናቶችን በእጅ ምልክት ማሳለፍ የዚህ ሰላምታ ወንድም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በራሳችን ደጅ አለ። በጁሙዓ ቀን «ሶላት ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ መኪናውን በጎረቤት በር ወይም በመንገድ መካከል ጥሎ የሚገባ ሰው አለ። በዚያ መንገድ በሽተኛ የጫነ ባጃጅ ቢመጣስ? ጎረቤቱ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ሐቁ ሐቅ ነው። ሐራም የሌለበትን ዒባዳ በሰው መቸገር አናበላሸው።

የተሳፋሪውና የቤተሰብ ድርሻ

ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። «ሾፌር፣ ንካው እንጂ!» የሚለው ተሳፋሪ ነው። ገቢ በቀን ቆርጦ ካልሞላ የሚቆጣው ባለንብረት ነው። እንቅልፍ ሲያዳፋው በጫት እየገፋ እንዲያድር የሚጠብቀው ነጋዴም አለ። አንጀሻ የተባለው ግመል ነጂ እያዜመ ግመሎቹን ባፈጠነ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በግመሎቹ ላይ የነበሩትን ሴቶች በብርጭቆ መስለው ረጋ እንዲል ነግረውታል። እኛም «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ እንደርሳለን» ለማለት አንፈር። መንገደኛ ሶላቱን እንዲያሳጥርና እንዲያጣምር የተፈቀደለት እንዳይጨነቅ ነውና፣ ለሶላት መቆም ለሾፌሩም ዓይን ዕረፍት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ ሲይዝ ከቁልፉ ጋር አደቡንም ስጡት። ቢስሚላህ ብሎ፣ የመጓጓዣ ዱዓውን ቀርቶ እንዲነሳ አስለምዱት። ዱዓው ይህን መጓጓዣ የገራልን አላህ መሆኑንና በመጨረሻም ወደ እርሱ ተመላሾች መሆናችንን ያስታውሳል። ይህን ከልቡ ያለ ልጅ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ አይከብድም።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ወደየቤታቸው የሚመልስ፣ በሪዝቃችንም በረካ የሚያደርግ ይሁን። አሚን።