ኮምፒውተሩ ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? አዲስ ከመግዛት በፊት በትክክል መለካት

ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የዞኑ ከተሞች ሁሉ፣ ከገጠር ቀበሌ ለገበያ የመጣ ሰው የያዘውን ከሸጠ በኋላ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ መሥሪያ ቤት፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ ደግሞ ወደ ኮፒ ቤት ጎራ ይላል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ዕለት ባለጉዳዩ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ትንሽ ይታገሱ፣ ኮምፒውተሩ እየተነሳ ነው።»

ያ «ትንሽ» ስንት ደቂቃ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ማንም ለክቶት አያውቅም። ሆኖም በግምት ብቻ ትልልቅ ውሳኔዎች ይወሰናሉ። «ማሽኑ አርጅቷል» ተብሎ አዲስ ይገዛል፤ ወይም ባለሙያ ተጠርቶ ፎርማት ይደረጋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ያው መዘግየት ተመልሶ ይመጣል። ጉዳዩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የመንግሥት አገልግሎቶችን ወደ ኮምፒውተር ማሸጋገርን ዓላማው አድርጓል። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ የገጠር መሬት ይዞታ መረጃም በተለያዩ ክልሎች ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እስኪነሳ የሚባክነው ጊዜ የአርሶ አደሩም ጊዜ ነው።

ይህ ጽሑፍ የኮምፒውተርን የመነሻ ጊዜ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ በእጅ ስልክና በአንድ ወረቀት ብቻ፣ እንዴት በትክክል መለካት እንደሚቻል ያስረዳል።

አንድ የሚመስለው ጊዜ አራት ክፍል አለው

የመጀመሪያው ክፍል ማብሪያው ከተጫነበት ቅጽበት አንሥቶ የዊንዶውስ ምልክት እስኪታይ ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ባዮስ የተባለው በማሽኑ ውስጥ ተቀርጾ የሚኖር ፕሮግራም ራሙን፣ የቁልፍ ሰሌዳውንና ዲስኩን ይፈትሻል። ሁለተኛው ዊንዶውስ ከዲስክ ተነብቦ ወደ ራም የሚገባበት ነው። ሦስተኛው የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ጊዜ ሲሆን፣ የማሽኑ ሳይሆን የሰውየው ነው። አራተኛው ዴስክቶፑ ከታየ በኋላ ማሽኑ በእርግጥ መሥራት እስኪችል ያለው ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ በአራተኛው ክፍል ላይ ነው። የዴስክቶፑ ምስል ሲታይ «ተነሣ» ብሎ መቁጠሩን ያቆማል። ነገር ግን አንቲቫይረሱ፣ የማተሚያው ፕሮግራምና ሌሎች አብረው የሚነሡ ሶፍትዌሮች ገና እየተጫኑ ናቸው፤ የዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፋይል ቢከፈት ማሽኑ አይታዘዝም። ስለዚህ የመለኪያው መጨረሻ ምስል መሆን የለበትም፤ ሥራ መሆን አለበት።

ለአንድ ኮፒ ቤት ተስማሚው መጨረሻ «ወርድ ተከፍቶ የመጀመሪያው ፊደል እስኪጻፍ» የሚለው ነው። እዚህ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዞኑ ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይተየባል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ለአማርኛ ግን እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ የመጻፊያ ሶፍትዌር የሚጠቀም ማሽን ከሆነ፣ እሱም መነሣት ይኖርበታል። አንዱን ማሽን በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላውን በአማርኛ ፊደል ለክቶ ማወዳደር ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም።

የይለፍ ቃሉ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ እንደ ኬሻ ክብደት የሚቆጠር ነው። ማሽላ ሲመዘን የኬሻው ክብደት እንደሚቀነስ ሁሉ፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ሲታይ ሰዓቱ ይቆማል፤ ቃሉ ተጽፎ ማስገቢያው ሲጫን ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥላል።

«አጥፍቶ ማብራት» እና «ሪስታርት» አንድ አይደሉም

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ፣ ፈጣን መነሻ የሚባል አሠራር አለ። ኮምፒውተሩ በተለመደው መንገድ ሲጠፋ የዊንዶውስን ዋና ክፍል ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ የነበረበትን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል። ሲበራም ያስቀመጠውን መልሶ ስለሚያነሣ ጊዜው ያጥራል። ሪስታርት ሲደረግ ግን ሁሉንም ነገር ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ።

ለቦርደዴና ለመሰሎቿ ከተሞች ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሦስተኛው ሁኔታ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ ለማስቀመጥ ፋታ አያገኝም። ሲበራ ከባዶ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ዲስኩ ተጎድቶ እንደሆነ ለመፈተሽ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ሻጭ በሱቁ ውስጥ «በ20 ሰከንድ ይነሣል» ብሎ የሚያሳየው በፈጣን መነሻ የተገኘውን ሊሆን ይችላል። ገዢው በሥራ ቦታው የሚያገኘው ግን መብራት ከጠፋ በኋላ ያለውን ነው።

መብራት ከጠፋ በኋላ ያለውን ሁኔታ ለመለካት ሶኬት መንቀል አይገባም፤ ዲስክንና ፋይልን ይጎዳል። የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ «ሻት ዳውን» የሚለውን መምረጥ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሲበራ ከባዶ ስለሚነሣ፣ ያለ ጉዳት ተቀራራቢ ውጤት ይገኛል።

አለካኩ ደረጃ በደረጃ

የሚትዮሮሎጂ ጣቢያዎች የዝናብ መጠን የሚነበበው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ቢለዋወጥ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ማወዳደር አይቻልም። የዘር ብቅለት ሲፈተሽም አንድ ፍሬ አይዘራም፤ 100 ፍሬ ተቆጥሮ ስንቱ እንደበቀለ ይታያል። የኮምፒውተር ልኬትም እነዚህኑ ሁለት ሕጎች ይከተላል፦ ሁኔታውን አንድ ዓይነት ማድረግና ደጋግሞ መለካት።

በመጀመሪያ ፍላሽ ዲስክና ተጨማሪ ዲስኮች ከማሽኑ ይነቀላሉ። ማሽኑ አዲስ ማሻሻያ እየጫነ ከሆነ የዚያ ዕለት ልኬት አይያዝም፤ ማሻሻያ የተጫነበት መነሣት ከወትሮው ይረዝማልና። ላፕቶፕ ከሆነ ሁልጊዜ ከኃይል መስመር ጋር ተያይዞ፣ ወይም ሁልጊዜ በባትሪ ይለካል እንጂ አይቀላቀልም።

ቀጥሎ ማብሪያው ሲጫን የስልኩ ስቶፕዎች ይጀመራል። የዊንዶውስ ምልክት ሲታይ፣ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ፣ ዴስክቶፑ ሲመጣና የመጀመሪያው ፊደል ሲጻፍ ያሉት ጊዜያት ለየብቻ ይመዘገባሉ። ይህን አንድ ላይ መከታተል የሚያስቸግር ከሆነ ስልኩን አስደግፎ ስክሪኑን በቪዲዮ መቅረጽና በኋላ ሰዓቱን ከቪዲዮው ማንበብ ይቻላል። የጣት መዘግየት የሚያመጣው ስህተት ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሆነ፣ በደቂቃ ለሚቆጠር ጊዜ አያሳስብም። ትልቁ ስህተት የሚመጣው መነሻውና መድረሻው በየጊዜው ሲለዋወጥ ነው።

ልኬቱ በተለያዩ ቀናት 5 ጊዜ ይደገማል። ለምሳሌ ውጤቱ 190፣ 185፣ 200፣ 345 እና 192 ሰከንድ ቢሆን፣ አማካዩ 222 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ይሁን እንጂ ከአምስቱ አራቱ ከ200 አይበልጡም፤ አማካዩን ያዛባው በአንድ ቀን የታየው 345 ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቁጥሮቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል፤ እሱም 192 ሰከንድ፣ ማለትም 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። 345ቱም አይጣልም፤ በዚያ ቀን ምን እንደነበረ ከጎኑ ይጻፋል።

ማሽኑ ራሱ የሚይዘው መዝገብ

ዊንዶውስ የራሱን የመነሻ ጊዜ ይመዘግባል። ኢቨንት ቪወር በተባለው ክፍል፣ ዲያግኖስቲክስ ፐርፎርማንስ በሚለው መዝገብ ሥር፣ ቁጥር 100 የያዘው ማስታወሻ መነሣቱ የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳያል። 94,500 የሚል ቢገኝ ለ1,000 ተካፍሎ 94 ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ይህ ቁጥር ዊንዶውስ መጫን ከጀመረ በኋላ ያለውን እንጂ የባዮሱን ፍተሻ አይጨምርም። የባዮሱ ጊዜ በአዳዲስ ማሽኖች ላይ በታስክ ማናጀር፣ ስታርትአፕ በሚለው ገጽ ይገኛል፤ በአሮጌዎቹ ላይታይ ይችላል። የማሽኑ መዝገብና የስልኩ ሰዓት የተለያየ ቁጥር ቢያሳዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የለኩት የተለያየ ርቀት ነው።

ውጤቱ ምን ይነግረናል?

የመነሻ ጊዜው በክፍል በክፍል ከተለካ ጥፋቱ የት እንዳለ ይታወቃል።

የመጀመሪያው ክፍል ከረዘመ ዊንዶውስን ፎርማት ማድረግ አይጠቅምም፤ ችግሩ ከዊንዶውስ በፊት ነው። በአሮጌ ማሽኖች ላይ የተለመደው ምክንያት የሰዓቱ ባትሪ ማለቅ ነው። በማሽኑ ዋና ሰሌዳ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱንና ቀኑን ትጠብቃለች። ስትሞት ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፤ ብዙዎቹም ሰው መጥቶ ቁልፍ እስኪጫን ድረስ በጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማሉ። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ የኢንተርኔት ገጾች አንከፈትም ይላሉ። መፍትሔው ያችን ባትሪ መቀየር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከረዘመ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ነው። እንዲህ ያለው ዲስክ መረጃ ለማግኘት መርፌውን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ አለበት። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። በዚህ ሁኔታ ሙሉ ኮምፒውተር ከመግዛት ዲስኩን ብቻ መቀየር በቂ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ክፍል ከረዘመ ደግሞ መጀመሪያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ አብረው የሚነሡትንና የማይፈለጉትን ፕሮግራሞች ከታስክ ማናጀር ማጥፋት ይቀድማል።

የመጨረሻው ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ ይነሣል የሚለው ነው። አንድ ማሽን ለመነሣት 6 ደቂቃ ይወስዳል፣ መብራትም በመቆራረጡ በቀን 3 ጊዜ ይነሣል እንበል። በ22 የሥራ ቀናት 396 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይባክናል። ዲስኩ ተቀይሮ ጊዜው ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወርድ ብክነቱ 99 ደቂቃ ይሆናል። ዲስኩ ሳይቀየር አጫጭሩን መቆራረጥ የሚያሳልፍ ዩፒኤስ ተገዝቶ ማሽኑ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሣ ደግሞ 132 ደቂቃ ይሆናል። ሁለቱም ከተደረጉ ወደ 33 ደቂቃ ይወርዳል። ዩፒኤስ ጠፍቶ ለሚያድር መብራት መፍትሔ ባይሆንም፣ ፋይል አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። እንደ ቦርደዴ ባለ ሞቃት ቦታ ሙቀት የባትሪውን ዕድሜ ስለሚያሳጥር ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይገባል።

ጥገናው ከተደረገ በኋላ ልኬቱ በዚያው መንገድ፣ ከዚያው መነሻ እስከዚያው መድረሻ፣ እንደገና 5 ጊዜ ይወሰዳል። የፊተኛውና የኋለኛው ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ከተቀመጡ ባለ ኮፒ ቤቱ ለጥገና የከፈለው ገንዘብ ምን እንዳስገኘለት ያያል፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም የግዢ ጥያቄውን በማስረጃ ያቀርባል። በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ባለጉዳይም «ትንሽ ይታገሱ» ከማለት ይልቅ «ሦስት ደቂቃ ይታገሱ» ማለት ይቻላል።