ቢጫው ባስ ቤት ሆነ፤ ኢንሹራንሱስ?

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። የአሜሪካ ቢጫ የትምህርት ቤት ባስ ወንበሮቹ ተነቃቅለው ይወጣሉ፣ በምትካቸው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወር ሳይቀር ይገባል። ባለቤቶቹ «ስኩሊ» ይሉታል። ኪራይ የለ፣ አከራይ የለ፣ ሲሰለቻችሁ ሞተር አስነስቶ መሄድ ነው። አሜሪካ ያለ ሐበሻ፣ በተለይ ትራክ የሚነዳ ልጅ፣ ይሄን ሲያይ «እኔስ ምን ይጎድለኛል?» ማለቱ አይቀርም። ትልቅ መኪና አይፈራም፣ መንገዱን ያውቀዋል፣ ኪራዩም አንገፍግፎታል።

ባሱን ማግኘት ከባድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የትምህርት ቤት ባሶች አሉ፤ ሲያረጁ በጨረታ ይሸጣሉ። ሥራውም ቢሆን ዩቲዩብ እያዩ የሚሠሩት አሉ። ቪዲዮው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ኢንሹራንሱን ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ጨርሶ፣ ባሱ አምሮበት፣ ከዚያ ስልክ መደወል ሲጀምር ነው «አንቀበልም» የሚለውን መልስ የሚሰማው።

ለምን እምቢ ይላሉ? ኢንሹራንስ ካምፓኒ የሚሠራው በግምት ነው። ኮሮላ ብታመጡለት ዋጋዋን፣ የመለዋወጫዋን ዋጋ፣ ስንቷ እንደምትጋጭ ያውቃል። እናንተ ራሳችሁ የሠራችሁት ባስ ግን ለሱ እንቆቅልሽ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ማን ዘረጋው? የጋዝ ቱቦው ያፈሳል? ቢቃጠል ስንት ነው የምከፍለው? መልስ ከሌለው ወይ ፊት ይነሳችኋል፣ ወይ ዝቅተኛውን ብቻ ይሸጥላችኋል።

ዝቅተኛው «ላያቢሊቲ» የሚባለው ነው፤ እኛ ጋ ሦስተኛ ወገን የምንለው። እሱን ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቢያንስ ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላ 100,000፣ ለንብረት ደግሞ 25,000 የሚሸፍን ትጠይቃለች። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው። ባሳችሁ ሌሊት በእሳት ቢጋይ ከዚህ ውስጥ አንድ ሳንቲም ለናንተ የለም። ለእሳት፣ ለስርቆት፣ ለበረዶ «ኮምፕሪሄንሲቭ»፣ ለግጭት ደግሞ «ኮሊዥን» ያስፈልጋል። ካምፓኒዎቹ የሚያንገራግሩት እዚህ ላይ ነው።

እሺ፣ አገኛችሁ እንበል። አሁንም አላለቀም። ዋናው ጥያቄ «ቢወድም በየትኛው ዋጋ ነው የምትከፍሉኝ?» የሚለው ነው። ባሱን በ6,000 ዶላር ገዛችሁ፣ 30,000 ዶላር ደግሞ እንጨት፣ ሶላር፣ ባትሪ፣ ምድጃ ላይ አፈሰሳችሁ እንበል። ውሉ ላይ «አክቹዋል ካሽ ቫልዩ» የሚል ከሆነ፣ የሚከፈላችሁ ንብረቱ በዚያን ቀን ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ እርጅናው ተቀንሶ። ካምፓኒው የሚያየው አሮጌ ባስ ብቻ ከሆነ፣ ከ36,000 ውስጥ የሚደርሳችሁ 5,000 ምናምን ሊሆን ይችላል፤ ከሱም ላይ በራሳችሁ ኪስ የምትችሉት «ዲዳክቲብል» ይነሳል።

የሚሻለው «አግሪድ ቫልዩ» ነው፤ እናንተና ካምፓኒው ገና ስትፈራረሙ በዋጋው ትስማማላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ከወደመ ያንኑ ይከፍላል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። «ስቴትድ ቫልዩ» የሚባል፣ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ነገር አለ። ዋጋውን እናንተ ትናገራላችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያችሁም በሱ ይሰላል፣ አደጋው ሲመጣ ግን ካምፓኒው እናንተ ካላችሁትና ከገበያው ዋጋ ያነሰውን የመክፈል መብት አለው። በትልቁ እየከፈላችሁ በትንሹ ትቀበላላችሁ ማለት ነው። በኔ እይታ ከሁሉም የሚያናድደው ይሄኛው ነው፤ ቃሉ ደግሞ ሲነበብ ምንም አያስጠረጥርም።

ሌላው ነገር ወረቀቱ ነው። የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት፣ ታይትሉ፣ «ባስ» እንዳለ ከቀረ የተለመደው የሞተርሆም ኢንሹራንስ አይከፈትላችሁም። በዲኤምቪ በኩል ወደ ሞተርሆም መቀየር አለበት። መስፈርቱ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ የፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደንብ ግን ሞተርሆምን ሲተረጉም ከስድስት ነገሮች ቢያንስ አራቱ ይኑሩት ይላል፦ ማብሰያ፣ ፍሪጅ ወይም የበረዶ ሳጥን፣ የራሱ ሽንት ቤት፣ ማሞቂያ ወይም ኤሲ፣ ቧንቧና ማጠቢያ ያለው የመጠጥ ውሃ፣ ለብቻው የቆመ የ110–125 ቮልት መብራት ወይም ጋዝ። ብዙ ስቴቶችም የሚጠይቁት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ፍራሽ ብቻ ወርውሮ «ቤት ነው» ማለት አያስኬድም።

ቀለሙም አለ። ያ ቢጫ ቀለም በ1939 ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ስብሰባ ለትምህርት ቤት ባስ የተመረጠ ነው፤ ሾፌር ሁሉ ከሩቅ አይቶ «ልጆች አሉ» እንዲል። ስለዚህ በብዙ ስቴቶች የግል ሲሆን ቀለሙ መቀየር፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶችና የ«ቁም» ምልክቱም መነሳት አለባቸው።

አሁን አስቸጋሪው ቋጠሮ፦ አንዳንድ ቦታ ዲኤምቪ ታርጋ ለመስጠት ኢንሹራንስ አምጡ ይላል፣ ካምፓኒው ደግሞ መጀመሪያ ታይትሉን ቀይሩ ይላል። ከዚህ የሚወጣው በየደረጃው በመሄድ ነው። ባሱን ከጨረታ ወደ ቤት ለማምጣት ላያቢሊቲና ጊዜያዊ ታርጋ፣ እየተሠራ እያለ ቆሞ ባለበት የሚሸፍነው ካለ እሱን መጠየቅ፣ አልቆ ታይትሉ ሲቀየር ሙሉውን። እያንዳንዱን ደረጃ ከኤጀንቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግን ግድ ነው።

የትኛው ካምፓኒ ይሻላል ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። ስም አንጠራም፤ አንዱ ቴክሳስ ውስጥ የሚቀበለውን ሜሪላንድ ውስጥ ሊገፋው ይችላልና። የአንድ ካምፓኒ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹን ውል የሚሸጥ «ኢንዲፔንደንት ኤጀንት» ፈልጉ። ባሱን ሳትገዙ ደውሉ፤ «ራሴ የምሠራውን ባስ የሚቀበል አለ? ምን ምን ማስረጃ ይፈልጋል?» በሉ። ምናልባት ሽቦውንና ጋዙን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው ወይም ይፈርምበት ይሏችኋል። የእንጨት ምድጃ ካለ፣ ጣሪያው ተቆርጦ ከፍ ከተደረገ፣ ጣሪያ ላይ በረንዳ ከተሠራ እምቢ የሚሉ አሉ። ይሄን ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ማወቅና ከዘጋችሁ በኋላ ማወቅ በገንዘብ በጣም ይለያያል።

ስልካችሁ ደግሞ እዚህ ጋ ከቲክቶክ የበለጠ ይጠቅማል። ሽቦው በእንጨት ሳይሸፈን ፎቶ አንሱት፣ የጋዙን መገጣጠሚያ አንሱት፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት። ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ባሱ ሲቃጠል ስልኩም አብሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ወዳጅ «ዝም ብለህ እንደ ተራ መኪና አስገባው፣ ማን ያየዋል?» ይላችኋል። ማንም አያየውም፣ ልክ ነው፤ ክሌም እስክትጠይቁ ድረስ። ያን ቀን መርማሪው ይመጣና አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የጋዙን ሲሊንደር ያያል። ያኔ ካምፓኒው የተዋዋልኩት በሌላ ንብረት ላይ ነው ብሎ ሊያሰናብታችሁ ይችላል፤ የከፈላችሁትም ቀለጠ።

ዓመቱን ሙሉ የምትኖሩበት ከሆነም ተናገሩ። የተለመደው የሞተርሆም ውል ለሽርሽር የተሰላ ነው፤ ለነዋሪ «ፉል ታይመር» የሚባል አለ። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን እንግዳ ባሳችሁ ውስጥ ወድቆ እግሩ ቢሰበር እንደ ቤት ኢንሹራንስ ሊሸፍን ይችላል። ልብስና ላፕቶፓችሁ እስከ ስንት እንደሚሸፈን ለብቻው ጠይቁ። በጎን ቡና ልሽጥበት፣ ለእንግዳ ላከራየው ካላችሁ ደግሞ ያ ንግድ ነው፤ የግል ውል ብዙውን ጊዜ አያውቀውም።

መንጃ ፈቃዱን ሲዲኤል ያለው ልጅ አይጨነቅበትም። ለሌላው ግን ለምሳሌ ቴክሳስ ከ26,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 11,800 ኪሎ፣ ለሚበልጥ ሞተርሆም የንግድ ያልሆነ ክላስ ቢ ትጠይቃለች። ትልልቆቹ ባሶች ይሄን ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ጨረታ ላይ ከመጫረታችሁ በፊት በር አካባቢ ወይም ሾፌሩ ጋ የተለጠፈውን የክብደት ሰሌዳ አንብቡ።

ኤጀንቱ በስልክ «አዎ፣ ይሸፈናል» ካላችሁ አመስግኑትና «በኢሜይል ላክልኝ» በሉት። ካልላከ ሌላ ኤጀንት ጋ ደውሉ።